የፈረንሳይ ዛፍ በሰርዶ ግድግዳ



ዛሬ ስለ ሥዕል ነው የምናወራው። «ብለው ብለው ደግሞ ሥዕል!» ብላችሁ ፊታችሁን ከማዞራችሁ በፊት ግን ትንሽ ታገሡን። ነገሩ የሚጀምረው ከሻይ ነው።

በቅርቡ ሦስት ሆነን የጋላፊን መንገድ ይዘን ነበር። አዋሽ ሰባትን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያን፣ ሰመራን አልፈን ሰርዶ ስንደርስ መኪናችን በቃኝ አለች። ራዲያተሯ ፈልቷል። (የእኛ ጭንቅላትም ከራዲያተሩ የተሻለ ሁኔታ ላይ አልነበረም።) ሰርዶን ለማታውቋት፣ አንዱ መንገድ ወደ ጋላፊና ጅቡቲ፣ ሌላው ወደ አፍዴራ የጨው ሐይቅ የሚለያይባት ትንሽ የመንገድ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ጥቁር ድንጋይ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ አፍርሷት ነበር፤ እንደገና ተነሥታ እስከ ዛሬ ለሹፌር ሻይ ታፈላለች። እኛም ሹፌሮቹን ተከትለን አንዲት የቆርቆሮ ሻይ ቤት ገባን።

ውስጧ ጨለም ያለ ነው። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት። ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ አራት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ የዓምና የቀን መቁጠሪያ። ዓይናችን ጨለማውን ሲለምድ ግን ከምድጃው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ አንድ ሐይቅ አየን። ጭጋግ የለበሰ ሐይቅ፤ ከቀኝ በኩል ወደ ውኃው ያዘነበለ ትልቅ ዛፍ፤ ከግራ ቀጠን ያለ ሌላ ዛፍ፣ ሥሩም እጇን ወደ ቅርንጫፉ የዘረጋች ሴትና ሁለት ሕፃናት።

ከመካከላችን አንዷ ሻይዋን ሳታስቀምጥ ብድግ አለች። «ኮሮ ነው!» አለች። እኛ ሁለታችን ስለ ምን እንደምታወራ አልገባንም፤ ሙቀቱ መስሎን ነበር።

እውነቷን ነበር። ሥዕሉ ፈረንሳዊው ካሚል ኮሮ እ.ኤ.አ. በ1864 የሣለው «የሞርትፎንቴን ትዝታ» የሚባለው ሥራ ቅጂ ነው። ዋናው ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ይገኛል። ሞርትፎንቴን ከፓሪስ በስተሰሜን ያለች የሐይቆች መንደር ናት። ቅጂው ሰርዶ፣ ከስኳር ዕቃው በላይ፣ በአራት ሚስማር ተመትቶ ተሰቅሏል። እንዲያውም አንድ ነገር ተጨምሮበታል፤ ሰማያዊ ሆኗል። በርካሽ ቀለም የታተመ ወረቀት ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫውና ቀዩ ቀድሞ ይለቅና ሰማያዊው ይቀራል። አረንጓዴ ደግሞ ከቢጫና ከሰማያዊ የሚወጣ ቀለም አይደል? ቢጫው ሲሄድ ቅጠሉ ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። በረሃ ውስጥ የተሰቀለ የፈረንሳይ ደን ዕጣ ፈንታው ይኸው ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ባሕር ይመስላል።

የሻይ ቤቷን ባለቤት «እትዬ፣ ይህን ከየት አመጡት?» ብለን ጠየቅናቸው። ደንበኛቸው የሆነ የከባድ መኪና ሹፌር ከመርካቶ ገዝቶ አምጥቶላቸው ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጠቡ የተጀመረው። ከእሳቸው ጋር አይደለም፤ እርስ በርሳችን ነው።

አንደኛው ጓደኛችን (እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሁልጊዜ የሚቆጣው እሱ ነው) «ይሄ ነው እኛን የገደለን!» አለ። በገዛ አገራችን፣ ድንቅነሽ ከተገኘችበት ከሐዳር ብዙም በማይርቅ ቦታ ቁጭ ብለን የሰው አገር ኩሬ እንሰቅላለን። የራሳችንን መልክ እንጠላለን። ሌላዋ ደግሞ «ስማ፣ አንተ ነገ ሲኤምሲ ትገባለህ። እሳቸው ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ ከእሳት አጠገብ ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ። አንድ ዛፍ ማየት አማራቸው፤ ምን አገባህ?» አለችው። ሦስተኛው ዝም ብሎ ሁለተኛውን ሻይ አዘዘ።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ጠብ ውጤት ነው። ሰመራ እስክንመለስ፣ ከሰመራም አዲስ አበባ እስክንገባ አላለቀም ነበር። አሁን በአንድ ድምፅ «እኛ» ብለን ስንጽፍም ሦስታችንም የተስማማነው ለማብሰያ ያህል ነው።

እስቲ መጀመሪያ የራሳችንን ቤት እንይ። በረንዳ ላይ ቆሞ የሰርዶን ግድግዳ መተቸት ቀላል ነዋ! እኛ ያደግንባቸው ሳሎኖች ምን ነበር የተሰቀለባቸው? በላስቲክ የተለበጠ ፖስተር! በረዶ የሸፈነው ተራራ፣ ከሥሩ የእንጨት ቤት፣ ከፊቱ ሁለት ዳክዬ። አለዚያም ፏፏቴ። (ፏፏቴው ጢስ ዓባይ ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜ አጠገቡ ጥድ አለ።) ምግብ የሚበላበት ጥግ ላይ ደግሞ አንዳችንም ቀምሰነው የማናውቀው ወይን፣ ፖምና እንጆሪ የሞላበት ሳህን። እነዚያ ሥዕሎች ሠዓሊ አልነበራቸውም፤ አገር አልነበራቸውም፤ «የውጭ» ብቻ ነበሩ። እናቶቻችን በዳንቴልና በምርቃት ፎቶ አጅበው ያከበሯቸው የሆነ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕና ሰላማዊ ቦታ እንዳለ ስለሚያስታውሱ ይመስለናል። ትምህርት ቤት ስንሄድ ሥዕል ሣሉ ስንባልም በቆርቆሮ ክዳን ሰፈር ተቀምጠን የጭስ ማውጫ ያለው ቤት እንሥል ነበር። የጭስ ማውጫ ያለው ቤት ያየ ማን ነበር?

ዘንድሮ ፖስተሩ ቀርቷል። ኮንዶሚኒየም የገባ ጓደኛ ስትጠይቁ ሶፋው በላይ የምታዩት ለሦስት ወይም ለአምስት የተቆራረጠ ሸራ ነው። አንዱ ፎቅ ላይ የሞኔ የውኃ አበቦች፣ ከላዩ ያለው ላይ የባዮ በርድ ይመስል ግድግዳውን የሞላ የፖፒ አበባ መስክ። ይህ የፈረንሳይ መልክዓ ምድር ፋሽን እንዴት ወደ እኛ እንደመጣ ለማወቅ ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልግም። ቻይና ሼንዘን ውስጥ ዳፈን የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1989 አንድ የሆንግ ኮንግ ነጋዴ ሥዕል የሚገለብጡ ልጆች ይዞ ገባባት፤ ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቫን ጎግንና ሞኔን በእጃቸው እየገለበጡ ወደ ዓለም የሚልኩባት ቦታ ሆነች። ከእነዚያ ገልባጮች ብዙዎቹ ዋናውን ሥዕል በዓይናቸው አላዩም። ከእጅ ሥራው ዝቅ ያለው ደግሞ በማሽን ይታተማል። የእኛ አብዛኛው ያ ነው።

እና አሁን ወደ ሰርዶ ስንመለስ… የአገራችን የገቢ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው የሚገባው፤ ብዙው ደግሞ በጋላፊ። ይህ ማለት ያ ሥዕል በኮንቴይነር ውስጥ ሆኖ፣ ወደ መርካቶ ሲሄድ፣ በእትዬ ሻይ ቤት በር አልፎ ሳይሆን አይቀርም። ሹፌሩ ደግሞ ከመርካቶ ገዝቶ ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ አመጣላቸው። በነገራችን ላይ በእኛ ቋንቋ ሠዓሊ የሚሥልበትም ሸራ ነው፣ የጭነት መኪና የሚለብሰውም ሸራ ነው። ሰርዶ ላይ በቀን ስንት ሸራ እንደሚያልፍ ቆጥሮ የሚያውቅ ካለ እሳቸው ናቸው።

ስለ ራሳቸው ስለ ሠዓሊዎቹም ትንሽ እንበል፤ ምክንያቱም የተቆጣው ጓደኛችን በመጨረሻ የበረደው እዚህ ላይ ነው።

በፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ዘንድ መልክዓ ምድር ለረጅም ዘመን የሚናቅ ሥዕል ነበር። ከላይ የሚቀመጠው የታሪክና የሃይማኖት ሥዕል ነው፤ ንጉሥ፣ ጦርነት፣ ጣዖት፣ ቅዱስ። ዛፍና ድንጋይ ከበስተ ኋላ የሚሞላ ነገር ነው። (ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ከቅዱሱ ጀርባ የምናየው ብዙ ጊዜ ዝም ያለ ቢጫ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ነው። ተራራ ለብቻው ተሥሎ ያየንበት ቦታ ጥቂት ነው።) መልክዓ ምድር ይሣል ከተባለም የጣልያን መሆን ነበረበት፤ የሮም ፍርስራሽ ያለበት። የራሳቸው አገር ጭቃ፣ የራሳቸው አገር ላም ሥዕል የሚገባው አይመስላቸውም ነበር።

ከ1830ዎቹ ጀምሮ እንግዲህ እነ ኮሮ፣ እነ ቴዎዶር ሩሶ፣ በኋላም እነ ሚሌ ከፓሪስ ወጥተው ፎንቴንብሎ ደን ጫፍ ባለችው ባርቢዞን መንደር መሰባሰብ ጀመሩ። ሩሶ ተራ የሆነ የወርካ ያህል ዛፍ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እንደ ንጉሥ ምስል አክብሮ ይሥለው ነበር። የፓሪሱ ዐውደ ርእይ ሥራዎቹን ደጋግሞ ስለመለሰበት «ታላቁ ተመላሽ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1841 አንድ አሜሪካዊ የቀለም ቱቦ ፈለሰፈ፤ እንደ ጥርስ ሳሙና የሚጨመቀውን ማለት ነው። ቀለምን በኪስ ይዞ ሜዳ መውጣት ቀላል ሆነ። በ1849 ደግሞ ባቡር ፎንቴንብሎ ገባ። ቱቦና ባቡር። ከዚያ እነ ሞኔ መጡ።

ሚሌ በ1857 «ቃራሚዎቹ»ን ሣለ። ሦስት ድሀ ሴቶች ከአጨዳ በኋላ የቀረውን ቃርሚያ ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ። የፓሪስ ባለጠጎች ሥዕሉን ሲያዩ ደማቸው ፈላ፤ ድህነትን ፊታችን ላይ ሰቀለብን አሉ። ዛሬ ያ ሥዕል በዓለም ዙሪያ የምግብ ቤት ማጌጫ ነው። እኛም ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ፣ ከኬክ ማሳያው በላይ፣ አይተነዋል። ለአንድ ቁራሽ ኬክ የቀን ሠራተኛ የቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ቤት ውስጥ ቃርሚያ የሚለቅሙ ሴቶች! ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

የፎንቴንብሎው ነገር ግን በጣም የገረመን ነው። መንግሥት የደኑን አሮጌ ዛፎች እየቆረጠ በጥድ ሊተካ ሲጀምር ሠዓሊዎቹ ተነሡ፤ ሩሶ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ድረስ አቤት አለ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1861 ከደኑ ከ1,000 ሄክታር በላይ የሚሆነው «ለሥነ ጥበብ» ሲባል እንዳይነካ በዐዋጅ ተከለለ። የአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ ከመቋቋሙ ከ11 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሰዎች ግድግዳቸው ላይ ሰቅለው የወደዱትን ዛፍ ለመቁረጥ እጃቸው ተያዘ።

ይህን ስንሰማ ሦስታችንም ወደ ውጭ፣ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ተመለከትን። ይህንንስ ማን ሰቅሎት ያውቃል?

ከዚያ በፊት ግን ስለ «አረንጓዴ» አንድ ነገር እንንገራችሁ። እኛ የከተማ ሰዎች አረንጓዴ ካየን ደግ ነገር ነው ብለን እናምናለን። አፋር ላይ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከአዋሽ ወደ ሚሌ ስትሄዱ መንገዱ ግራና ቀኝ በአረንጓዴ ቁጥቋጦ ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። «እንዴት ያምራል!» ብለን ፎቶ አንሥተናል። ያ ተክል ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ይባላል፤ ትውልዱ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ አካባቢ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጥላና ለንፋስ መከላከያ ተብሎ ወደ መካከለኛው አዋሽ ገባ። ከብቱና ፍየሉ ፍሬውን በልቶ ዘሩን በየሄደበት ዘራው፤ ሣሩን ዋጠው፤ የወንዝ ዳር ግጦሹን ዘጋው፤ እሾሁ የከብቱንም የሰዉንም እግር ይበሳል። አርብቶ አደሮቹ ዘንድ ከመንግሥት ጋር የመጣ ነውና «የደርግ ዛፍ» የሚል ስም አለው። እኛ በፎቶ ያነሣነው ውበት የሰው ግጦሽ የበላ አረም ነበር።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ከእኛ ጋር አንድ የአፋር አዛውንት ተቀምጠው ነበር፤ ጠቡን በፈገግታ ሲከታተሉ ቆይተዋል። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ የሚባል የወሬ ልውውጥ ሥርዓት እንዳላቸው ሰምታችሁ ይሆናል። ከየት መጣህ፣ የት ዘነበ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ከብቱስ፣ ሰላም ነወይ? ሳይጠያየቁ ማለፍ ነውር ነው። አዛውንቱ ሥዕሉን በከዘራቸው እያመለከቱ ልክ እንደ መንገደኛ ጠየቁት። «ይህ አገር የት ነው?» አሉን። ነገርናቸው። «ዘንቧል ማለት ነው?» አዎ አባት፣ እዚያ ብዙ ይዘንባል። «ውኃ አለ፤ ሣርም አለ። ታዲያ ከብቱ የት ሄደ?»

ኮሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላዘጋጀም። ሴትና ሁለት ልጆች ናቸው ያሉት፤ አንድ ፍየል እንኳን የለም። «ሣር እያለ ከብት ከሌለ በሽታ አለ፤ ወይም ጠብ አለ» አሉ። የሥዕል ታሪክ አዋቂዋ ጓደኛችን ብዙ ካሰበች በኋላ ስልኳን አወጣችና የሮዛ ቦኖርን ሥዕል አሳየቻቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1849 የተሣለውን፣ ስድስት ስድስት ሆነው ሞፈር የሚጎትቱ ነጫጭና ቡናማ በሬዎች ያሉበትን። አዛውንቱ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይህን የሣለው ሰው ከብት ያውቃል» አሉ። ሴት መሆኗን ስንነግራቸው አልተገረሙም። (አፋር ላይ ቤቱን የምትተክለውም የምትነቅለውም፣ ከሰሌን ምንጣፍ የምትሠራውም ሴት ናት። ቤቱ ድፍን ክብ ስለሆነ ደግሞ ሥዕል የሚሰቀልበት ቀጥ ያለ ግድግዳ የለውም፤ ጌጡ ራሱ ሰሌኑ ላይ ነው። «ግድግዳው ባዶ ሆነ፣ ምን እንስቀልበት?» የሚለው ጭንቀት ከብሎኬትና ከቆርቆሮ ጋር የመጣ ነው።)

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተቆጣው ጓደኛችን የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ። «እሺ፣ ፈረንሳዮቹ የራሳቸውን ሣሉ፤ ጎበዞች። በረሃን ግን ማን ይሥላል? በረሃ ሥዕል አይሆንም።»

ይሆናል! ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ሥለውታል። ጉስታቭ ጊዮሜ እ.ኤ.አ. በ1867 የሣለው «ሰሐራ» ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ተሰቅሏል። ምንም የለበትም። ሰፊ ሜዳ፣ በአቧራ የደበዘዘ ብርሃን፣ ከሩቅ ሊጠፋ የደረሰ የግመል ጉዞ፣ ከፊት ለፊት የደረቀ የግመል አጽም። ኤዥን ፍሮማንተንም «የጥም አገር» የሚል አለው። እነዚህን በዳፈን የሚገለብጣቸው፣ በመርካቶ የሚሸጣቸው ግን የለም። ሶፋ በላይ የሚፈለገው ሐይቅ ነው። በረሃን እንዲህ ከሞትና ከጥም ጋር ብቻ አድርጎ መሣልም የመንገደኛ ዓይን ነው እንላለን፤ ባለአገሩ በረሃውን እንደ መቃብር አያየውም፤ የቱ ጋ ውኃ እንዳለ ያውቃላ! ለባለአገሩ ዓይን ሳይቀርብ የሚቀረው ሴዛን ይመስለናል። ሳንት ቪክቷር የሚባለውን የደቡብ ፈረንሳይ ራቁት ተራራ ዕድሜውን ሙሉ ደጋግሞ ሥሎታል። ድንጋይ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ሰርዶ ላይ ፈረንሳይ መሰቀል ካለባት እኛ ይህችን ፈረንሳይ እንመርጣለን።

ደግሞ ፈረንሳዮች ይህን ምድር ለማየት ብዙ ደክመዋል። ሐዳርን ለሳይንስ ያስተዋወቀው፣ ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ለተገኘችበት ጉዞ መንገድ የጠረገው ፈረንሳዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ሞሪስ ታየብ ነው። የኤርታ አሌን የእሳት ሐይቅ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወርዶ ያጠናው የእሳተ ገሞራው ሰው ሐሩን ታዚዬፍም ከዚያው ነው የመጣው። እነሱ የእኛን ድንጋይ ለማየት በሙቀት ይቃጠላሉ፤ እኛ የእነሱን ኩሬ ለማየት ብር እንከፍላለን። ጥሩ ንግድ ነው።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከዚህ ሰሜን ምዕራብ፣ ዳባሁ አካባቢ፣ ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰነጠቀች። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ፤ አፍዴራ አመድ ለበሰች። ያኔ ስልካችንን የሞሉት ምስሎች አስፈሪም ውብም ነበሩ። በሳምንቱ ረሳናቸው። አንድ ሰው ግድግዳው ላይ ሰቀለ ሲባል አልሰማንም።

እንግዲህ ሐሳባችንን እንናገር። የፈረንሳይ መልክዓ ምድር ሥዕል የሚሰቅል ሰው አናፍርበትም፤ እንዲያወርደውም አንጠይቅም። ሰው የሌለውን ማየት ይፈልጋል፤ ይህ ባርነት አይደለም። ኮሮ ራሱ ያን ሐይቅ ስቱዲዮ ተቀምጦ፣ ከትዝታ ነው የሣለው። ፓሪስ ተቀምጦ የናፈቀውን ሐይቅ እትዬ ሰርዶ ተቀምጠው ቢናፍቁት ምኑ ነው ጥፋቱ?

የምንቆጨው ሌላ ነው። እኒያ ሹፌር መርካቶ ገብተው ለእትዬ ስጦታ ሲመርጡ ከፊታቸው ከተደረደረው ውስጥ አንድም የአገራቸው ተራራ አልነበረም። በዚያ ዋጋ የሚሸጥ የአዋሽ ፏፏቴ፣ የአቤ ሐይቅ የጭስ ድንጋዮች፣ የአፍዴራ የጨው መስክ የለም። ሠዓሊ ጠፍቶ አይደለም፤ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሠዓሊ ሲያወጣ ኖሯል። ፓሪስ ድረስ ሄደው የተማሩም ነበሩን፤ እነ አገኘሁ እንግዳ፣ እነ እስክንድር ቦጎሲያን። ሲመለሱ የሰው አገር ሜዳ ይዘውልን አልመጡም። የጎደለው በመሃል ያለው ነው፤ ሥዕልን በፖስተር ዋጋ አባዝቶ መርካቶ የሚያደርስ። ሥዕል በጋለሪ ዋጋ ብቻ ከተሸጠ የድሀ ቤት ሁልጊዜ የሚያጌጠው በማያውቀው ሰው ኩሬ ነው። ሠዓሊዎቻችን «ቅጂ ያዋርዳል» የሚሉትን ነገር እባካችሁ ተዉት፤ ሚሌን ያከበረው ቅጂ ነው።

የፈረንሳዩን መስቀል ለምትፈልጉም ምክር አለን፤ የማይሆን ገንዘብ አታውጡ። እነዚህ ሠዓሊዎች ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ሥራቸው የማንም ነው። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 375,000 የሚጠጉ ምስሎችን፣ የፓሪስ ከተማ ሙዚየሞች በጥር 2020 ከ100,000 በላይ ምስሎችን በነፃ ለቀዋል። ጥርት ያለውን ምስል አውርዳችሁ ለሰፈራችሁ ማተሚያ ቤት ስጡት። ለአምስት የተቆራረጠውን ግን አደራ! ሞኔ አንድ አድርጎ የሣለውን ለምን እንደሚከፋፍሉት ሊገባን አልቻለም። ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ግድግዳ ምረጡ። ምድር የምትንቀጠቀጥበት አገር ከሆነ ደግሞ መስታወት ያለው ፍሬም አልጋ በላይ አትስቀሉ። ከሥሩ የሠዓሊውን ስምና የቦታውን ስም በእስክሪብቶ ጻፉበት፤ እንግዳ ሲጠይቅ «የውጭ ነው» ከማለት ያድናል።

እኛም የራሳችንን ሞከርን። ራዲያተሩ ከበረደ በኋላ ሒሳብ ስንከፍል «እትዬ፣ የሰርዶን ሥዕል ሠርተን ብናመጣልዎ ይሰቅሉታል?» አልናቸው።

ሳቁብን። «ሰርዶንማ ለማየት በሩን እከፍታለሁ፤ ልጆቼ» አሉ።

መልስ አጣን። የተቆጣው ጓደኛችን እንኳን ዝም አለ። ግን አዛውንቱ ጣልቃ ገቡ። «በሩን ስትከፍቺ የምታዪው መኪና ነው» አሏቸው። እውነትም በሩ ሲከፈት የሚታየው የቆመ ከባድ መኪና ጎማ ነበር። ጥቁሩ ድንጋይና ሰማዩ ከመኪናው ጀርባ ናቸው። እትዬ ጥቂት አሰቡ። ኮሮን እንደማያወርዱት ነገሩን፤ ለምደውታል። ካመጣን ግን ከጎኑ፣ ከቀን መቁጠሪያው ቦታ ላይ ይሰቅሉታል፤ እሱ እንደሆነ ዓመቱ አልፏል። ቦታውን በስንዝር ለካነው፤ አምስት በአራት ይሆናል። አዛውንቱ ደግሞ ግመል ካልገባበት ሰርዶ ነው ብለው እንደማይቀበሉ አስጠንቅቀውናል።

እንግዲህ ቡሩሽም ካሜራም ያላችሁ፣ መንገዳችሁ በዚያ የሆነ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ። ያኔ ድንጋዩ ሐምራዊም፣ ቡናማም፣ ዝገትም ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ይሆንባችኋል።